የማክሰኞ ፍጥረት

በቡሬ ገጠር፣ ከአንዲት ደብር ቅጥር በታች፣ በሣር ክዳን ጠባብ ጎጆ ውስጥ የቆሎ ተማሪ በነበርኩባቸው የልጅነት ዓመታት፣ የኔታ ሥነ ፍጥረትን ሲተርኩልን ከስድስቱ ዕለታት ሁሉ አስረዝመው የሚቆሙባት ማክሰኞ ነበረች። በእሑድ የተፈጠሩት ብርሃንና ጨለማ፣ አራቱ ባሕርያትና መላእክት ለሕፃን ልቡና ይከብዳሉ፤ በሰኞ የተዘረጋው ጠፈርም ከእጅ ይርቃል፤ ማክሰኞ ግን ከጎጆዋ ደጃፍ ጀምራ እስከ ወንዙ ድረስ የምትታይ፣ የምትበላ፣ የምትነድም ዕለት ስለ ነበረች፣ የኔታ ጭራቸውን አንሥተው እያመለከቱ ያሳዩን ነበር። የማክሰኞ ፍጥረት፣ ሊቃውንቱ እንደሚያትቱት፣ ሦስት ወገን ነው፤ በእጅ የሚለቀም፣ በማጭድ የሚታጨድ፣ በምሳር የሚቆረጥ። ጭራው ወደ ጓሮው ሲዘረጋ የመጀመሪያውን፣ ወደ ጤፉ ማሳ ሲዘረጋ ሁለተኛውን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሲዘረጋ ሦስተኛውን አየን፤ በዚህ በሦስተኛው ላይ ግን የኔታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህ ግን አይቆረጥም» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን፣ ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ መስኩን ቢጫ ባለበሰበት ሰሞን፣ ውሃ ልቀዳ ወደ ወንዝ ወርጄ፣ እግሬን ከአንድ ሰፊ ድንጋይ ላይ ባሳርፍ ድንጋዩ አዳለጠኝና ገንቦው ከትከሻዬ ወድቆ ደቀቀ፤ እኔም በደረቴ ተዘረጋሁ። ከሕመሙ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚታወሰኝ፣ አፍንጫዬ ከድንጋዩ አንድ ጣት እንኳ ሳይርቅ ያየሁት ነገር ነው። ከላይ ቆሜ ሳየው ቀለም ብቻ የሚመስለኝ የነበረው አረንጓዴ፣ ከቅርብ ሲያዩት በጥበበኛ ሴት እጅ እንደ ተፈተለ ድር ቀጭን፣ ከወራጁ ውሃ ጋር የሚሰግድና ቀና የሚል፣ በእያንዳንዱ ክር ላይ እንደ ሰናፍጭ ቅንጣት ያነሱ የአየር እንክብሎች የተንጠለጠሉበት ነገር ነበር፤ እንክብሎቹም ፀሐይ ሲነካቸው አንድ በአንድ እየተነሡ ወደ ውሃው ገጽ ይወጡ ነበር። ሽታው የዝናብና የዓሣ ነበረ። ተነሥቼ፣ ጉልበቴ እየደማ፣ ባዶ እጄን ከየኔታ ፊት ቆምኩ፤ ቅጣቱን እየጠበቅሁም ቢሆን ምላሴ አላረፈችም።

«የኔታ፣ ያ በድንጋዩ ላይ የበቀለው አረንጓዴ ነገር በእጅ ይለቀማል፣ በማጭድ ይታጨዳል፣ ወይስ በምሳር ይቆረጣል?»

የኔታ ጥቂት ዝም አሉ። «አንተ ልጅ፣ ገንቦ ሰብረህ ስታበቃ ጥያቄ ይዘህ መጣህ? ሂድ ጉልበትህን ታጠብ። ማክሰኞ እነግርሃለሁ።»

ማክሰኞ መጥታ ሄደች፤ ብዙ ማክሰኞዎችም ተከትለዋት ሄዱ፤ የኔታም ከነመልሳቸው ወደ አፀደ ነፍስ ተሻገሩ።

ዛሬ በሽምግልናዬ ያን ሦስትዮሽ አከፋፈል ሳስበው፣ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳለሁ አደርግ እንደ ነበረው አልስቅበትም። ዕፀዋትን በቅጠላቸው ወይም በአበባቸው ሳይሆን በሚደርስባቸው ግብር መለየት፣ ስለ ዕፀዋቱ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ሰው የሚናገረው ይበልጣልና፣ በዚህ ረገድ እጅግ ሐቀኛ ነው። «ይለቀማል»፣ «ይታጨዳል»፣ «ይቆረጣል» ስንል ለቃሚው፣ አጫጁና ቆራጩ በግሡ ውስጥ ተሸሽገው ቆመዋል። አንድም፣ ፍጥረት ለሰው ተሰጠ ሲል ነው፤ አንድም፣ ሰው ፍጥረትን የሚያውቀው እጁ እስከ ደረሰበት ድረስ ነው ሲል ነው፤ አንድም፣ ከእጅ፣ ከማጭድና ከምሳር የተረፈው ለማን እንደ ሆነ አልተነገረም ሲል ነው። የመጀመሪያውን ትርጓሜ ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የታገልኩት ከሦስተኛው ጋር ነው።

አገሩ ራሱ ለእንዲህ ያለ ትግል የተመቸ ነው። ቀድሞ ወጀት ትባል ከነበረችው ከፍኖተ ሰላም የተነሣ መንገደኛ ጃቢ ጠህናንን አቋርጦ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለድ ምክንያት ያላያት ሰው ሁሉ የሚያውቃትን ማንኩሳን አልፎ፣ በርበሬዋ በየገበያው ወደሚጠራላት ወደ ቡሬ ሲሄድ፣ ከወገብ መስመር ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ከግማሽ ያህል ብቻ እንደ ራቀ ልብ አይለውም። የምድር ሐሩራማ ክፍል ሲባል አእምሮው የሚስለው የማያቋርጥ ዝናብና ፀሐይ የማያልፍበት ጫካ ነው፤ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ፣ ልክ ከአናቱ በላይ እንደምታልፍ ቢነግሩት ይገረማል። (የነሐሴዋን ደመናው ስለሚሸፍናት የሚያያት የለም።) በእኛ አገር ሐሩራማነት ወደ ጎን የሚለካ ሳይሆን ወደ ላይ የሚለካ ነገር ነው። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ ይዞ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው በግማሽ ቀን ውስጥ ከግራዋና ከብሳና አገር ወጥቶ ወደ ሽመልና ወደ አባሎ አገር ይገባል፤ በአንጻሩ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ወደ ጮቄ የሚወጣ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይበቅለው ጅብራ በውርጭ መካከል እንደ መነኩሴ ብቻውን ቆሞ ያገኘዋል። ጀርመናዊው ሊቅ ሁምቦልት እ.ኤ.አ. በ1802 ቺምቦራዞ የተባለውን የደቡብ አሜሪካ ተራራ ወጥቶ፣ ዕፀዋት በከፍታ ልክ እንደሚለዋወጡ ለአውሮፓ ባሳወቀ ጊዜ ታላቅ ግኝት ተባለ፤ ግኝትነቱንም አልክድም፤ ነገር ግን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እያለ እህሉን በየማዕርጉ የሚዘራው የጎጃም ገበሬ ይህን ዕውቀት ያገኘው በማረሻው እንጂ በመጽሐፍ አይደለም።

ማረሻው ግን እንደ ማጭዱ ሁሉ መሣሪያ ነው። የሚያውቀው የሚያርስበትን ነው።

ከልጅነቴ በኋላ የትምህርት ዕጣዬ ከቅኔ ቤት ወደ ሥነ ሕይወት መጻሕፍት ወሰደኝና፣ የስዊድኑ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ዕፀዋትን ሁሉ በወንዴ ዘንጋቸው ቁጥር በ24 መደብ መክፈሉን ባነበብኩ ጊዜ፣ የልጅነት ጥያቄዬ መልስ የሚያገኝበት ቀን የደረሰ መሰለኝ። ሊኔየስ መሣሪያውን አስቀምጧል፤ ምሳር አልያዘም፤ የሚቆጥረው አበባ ነው፤ አበባን እንደ ጫጉላ ቤት፣ ወንዴና ሴቴ ዘንጎቹን እንደ ባሎችና ሚስቶች አድርጎ ይናገራል። ሃያ ሦስቱን መደቦች አንድ በአንድ አልፌ ወደ ሃያ አራተኛው ስደርስ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በዚያ የመጨረሻ መደብ ውስጥ፣ «ጋብቻቸው የተሰወረ» ብሎ በአንድ ከረጢት ያጎራቸው ፈርኖች፣ ሳረንስቶች፣ እንጉዳዮችና ገንቦዬን የሰበረው ያ የወንዝ አረንጓዴ ነበሩ። የስዊድኑ ሊቅም «ማክሰኞ እነግርሃለሁ» ብሎ ኖሯል።

ስምና ግፍ እንዴት እንደሚጎራበቱ ያስተማረኝም ይኸው የዕፀዋት ነገር ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 በሰከላ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ዳር ቆሞ የዓባይን ራስ አገኘሁ ሲል፣ ምንጩን ጠበል ብሎ ሲጠጣው የኖረው ሕዝብ ዙሪያውን ቆሞ ያየው ነበር፤ ይህ ብዙ ጊዜ ስለ ተነገረ አልመለስበትም። ብዙ ያልተነገረው ከጎኑ ስለ ነበረው ሰው ነው። የቦሎኛው ተወላጅ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ከብሩስ ጋር ተጉዞ፣ ዕፀዋቱን ከነሥራቸውና ከነፍሬያቸው ሥሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1771 በጎንደር አረፈ። ብሩስ አገሩ ገብቶ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ጥራዝ መጽሐፉ፣ ሥዕሎቹን እንደ ገዛ እጁ ሥራ አድርጎ አቀረበ፤ ይህም አልበቃው ብሎ ባሉጋኒ ወደ ግሽ ከመሄዳቸው በፊት የሞተ አስመስሎ ጻፈ። ለሟቹ ሠዓሊ የገዛ ሥራው በስሙ ተጠርቶ በመጽሐፍ የታተመለት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ ከሞተ ከ220 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ባሉጋኒ ከሣላቸው መካከል ዋጊኖስ አለ። በጫካ ዳር የሚበቅል፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ምሬቱ ከሬት የማይተናነስ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ብሩስ በደም ተቅማጥ ተይዞ ሳለ የአገሩ ሰዎች በዚህ እንዳዳኑት ራሱ ጽፏል። የሳይንስ ስሙ ዛሬ ብሩሲያ ነው፤ የታመመው ስም አተረፈ፤ ያዳኑት ሰዎች ምንም፤ የሣለውም ምንም። ለኮሶም እንዲሁ ሃጌንያ የሚል ስም የተሰጠው ለኮኒግስበርጉ ሊቅ ለሃገን መታሰቢያ ነው፤ ሃገን ኮሶ ጠጥቶ ያውቅ እንደ ሆነ የነገረኝ የለም። በየገበሬው አጥር የሚታየው ስሚዛ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ አብዛኛውን ዕድሜውን በትግራይና በስሜን ዕፀዋት ሲለቅም ኖሮ በ1878 እዚሁ አገራችን ያረፈውን የጀርመናዊውን የሺምፐርን ስም ተሸክሟል፤ ይህን ግን አልነቅፍም፤ አርባ ዓመት አንድን አገር ያገለገለ ሰው አንድ የአጥር ቁጥቋጦ ቢሰጡት ምን አለበት።

ግፉን ለማረም የተሠራውን ሥራ ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ እኔም ግፈኛ እሆናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፀዋት ቤተ መዘክር፣ ከስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ1980 በጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ሥራ፣ ኢንጋ ሄድበርግ፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ ስብስቤ ደምሰው፣ መስፍን ታደሰ፣ እንሰርሙ ቀልቤሳና ሌሎችም ደክመውበት በ2009 ስምንት ጥራዝ ሆኖ ተፈጽሟል። ስድስት ሺህ የሚጠጉ የዕፀዋት ዓይነቶች፣ ከመቶው ዐሥር ያህሉ ከዚህች ምድር በቀር የትም የማይገኙ፣ እያንዳንዳቸው ከነመገኛቸው ተመዝግበውበታል። ሰው ሁሉ አደይ አበባ ብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ቢጫ እንኳ ዘመዳሞች እንጂ አንድ አለመሆኑን፣ በመስከረም ከአንድ መስክ የተቀጠፈ እቅፍ ውስጥ ሁለት ሦስት ዓይነት ሊገኝ እንደሚችል ከዚያ ተማርኩ። መጽሐፉን ባገኘሁ ጊዜ ጎጃም በሁለት ፊደል ተጠቅልላ በየገጹ ስትታይ የተሰማኝ ደስታ፣ ስሙ በመዝገብ ላይ የተጻፈለት የጭሰኛ ልጅ ደስታ ነበር። ከዚያም የልጅነቴን አረንጓዴ ፈለግሁ። መጽሐፉ ውሃን ከሥር ወደ ቅጠል የሚያደርስ ጅማት ያላቸውን ዕፀዋት ብቻ የሚመለከት ነውና፣ አረንጓዴው አልነበረበትም። ሊቃውንቱን አልወቅስም። ሁሉን በአንድ ማዕድ ማቅረብ አይቻልም። ሆኖም ሦስተኛ ጊዜ «ማክሰኞ» ተባልኩ።

ታዲያ ይህ ከሁሉ መዝገብ የሚቀረው ነገር ምንድን ነው? በመጻሕፍት ዋቅላሚ የተባለው፣ ተማሪው ሁሉ ግን አልጌ የሚለው ይህ ወገን፣ ሥር የለውም፣ ግንድ የለውም፣ አበባም ፍሬም የለውም፤ ከእነርሱ አንዳንዱ በአንዲት ሕዋስ ብቻ የቆመ፣ ሌላው እንደ እኔው የወንዝ ድር በተርታ የተቀጠለ ነው። ዲያቶም የሚባለው ነገዱ ብርጭቆ ከሚሠራበት ባሕርይ የታነጸ ቤት አለው፤ ቤቱም እንደ ሙዳይና እንደ ክዳኑ በሁለት የተከፈለ ሆኖ፣ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት እንደ ስፌት በመስመርና በነጥብ ያጌጠ ነው፤ ለማን ዓይን እንደ ተጌጠ እጠይቃለሁ እንጂ አልመልስም። በዓለም ላይ ቅጠል ሁሉ ተሰብስቦ ከሚሠራው ጋር የሚመጣጠን የእስትንፋስ አየር የሚሰጡን እነዚህ በባሕርና በውሃ ውስጥ የማይታዩ ናቸው። ከዚህም አልፎ፣ ጠበብቱ እንደሚሉት፣ በየብስ ላይ ያለ ዕፅ ሁሉ ከ450 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ይኖር ከነበረ አረንጓዴ አልጌ ነገድ የመጣ ነው፤ ጎመኑም፣ ጤፉም፣ ወይራውም። በእጅ የሚለቀመው፣ በማጭድ የሚታጨደውና በምሳር የሚቆረጠው ሦስቱም ወንድማማቾች ናቸው፤ አባታቸው ግን በድንጋይ ላይ ተኝቶ፣ ከርስቱ ተነቅሎ፣ የቆሎ ተማሪ እያዳለጠ ይኖራል።

መጽሐፍን ከሳይንስ ጋር በጉልበት ማጋባት ልማዴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጋብቻ ብዙ ጊዜ አይሰነብትም። ነገር ግን የኔታ ያስተማሩኝን ማክሰኞ ደግሜ ሳሰላስላት፣ የዕለቲቱ ሥራ ዕፀዋትን በማብቀል እንዳልጀመረ ትዝ ይለኛል፤ አስቀድሞ ውሃው ወደ ስፍራው ተሰበሰበ፣ ቀጥሎ የብስ ተገለጠ፣ ዕፀዋት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በማክሰኞ ጧትና በማክሰኞ ቀትር መካከል፣ ውሃው ሸሽቶ ድንጋዩ ገና ሳይደርቅ፣ አንድ ርጥብ ሰዓት አለ። እኔ የወደቅሁት በዚያች ሰዓት ላይ ነው ብዬ አስባለሁ።

የማይታዩትም ቢሆኑ ምስክርነታቸው ታላቅ ነው። ጣናን እንውሰድ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ የተኛው፣ ስፋቱ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርሰው ሐይቅ፣ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙ የማያልፍ ገበቴ ነው። ተመራማሪዎች የሐይቁን ወለል ጭቃ በረጅም ቱቦ ሰርስረው አውጥተው፣ በየድርቡ የተቀበሩትን የዲያቶም ቤቶች በየዓይነታቸው ቆጥረው፣ ጭቃውን ራሱንም መርምረው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ ከዛሬ 17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ እንደ ነበረ ገለጹ። ለጎጃሜ ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። ዓባይ ከጣና የማይወጣበት፣ የጢስ ዓባይ ድምፅ የማይሰማበት ዘመን ነበረ ማለት ነው፤ ይህንንም ለመመስከር የተረፈው ንጉሥ ወይም ሐውልት ሳይሆን፣ እጅ የማይለቅመው የብርጭቆ ሙዳይ ነው። በሸዋም እንዲሁ፣ በቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ቀለሙን ያገኘው በውስጡ ከሚርመሰመሰው አልጌ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ቶሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ እንዲህ ያሉ የኢትዮጵያ የሶዳ ሐይቆች በውሃ ውስጥ ያለ ሕይወት ብርሃንን ወደ ምግብ የሚለውጥበት ችሎታ የመጨረሻ ወሰኑ እስከ የት እንደ ሆነ የሚታይባቸው መሆናቸውን አስረዱ። ሕዝቡ ግን ሐይቁን ስም ሲያወጣለት ቀለሙን ብቻ ጠራ፤ ባለ ቀለሙን አልጠራም።

እንቦጭ ግን ስም አላጣም። ይህ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ ታየ በተባለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስሙ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ በአገሩ ሁሉ አፍ ገባ፤ በእጅ ለመልቀም በሺህ የሚቆጠር ገበሬ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገባ። የጎዳን ነገር ቶሎ ስም ያገኛል። በየማሳው የሚበተነው ማዳበሪያ በጎርፍ ታጥቦ ወደ ሐይቅ ሲወርድ አልጌውም ከልኩ አልፎ ይበዛና ውሃውን ያበላሻል፤ ያኔ እርሱም ስም ያገኝ ይሆናል፤ የሚያገኘው ስም ግን የጠላት ስም ነው። ስለ እንዶድም አስባለሁ። ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበትን ይህን ፍሬ፣ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሲመለከት፣ ዓይኑ ያረፈው ከልብሱ ንጣት ላይ ሳይሆን ከማጠቢያው በታች ሞተው ከሚንሳፈፉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ነበረ፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል መድኃኒት በዚህ ተገኘ። ሌላው ሁሉ እንዶዱ የሚሠራውን ሲያይ፣ እርሱ እንዶዱ ሳይታዘዝ የሚሠራውን አየ።

የኔታ «ይህ ግን አይቆረጥም» ያሉትን ወይራ ትርጉሙን የተረዳሁት እጅግ ዘግይቼ ነው። ዛሬ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው አገር ከኮረብታ ሆነው ሲያዩት በቆሎ፣ ጤፍ፣ በርበሬና ባሕር ዛፍ ነው፤ በዚያ መካከል እንደ ደሴት እዚህም እዚያም የቆመው ጥቁር አረንጓዴ ክብ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዓባይ ማዶ በደቡብ ጎንደር፣ ዓለማየሁ ዋሴ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ባደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በተፈጸመው ጥናት፣ 168 ዓይነት እንጨት ያላቸው ዕፀዋት ተገኝተዋል፤ ከብቶች የሚገቡበት ደን ችግኙ እንደሚመነምን፣ የታጠረው ግን እንደሚያንሠራራም እርሱ አሳይቷል። ዝግባው፣ ጽዱ፣ ሎሉ፣ ሰሳው፣ ዶቅማው፣ ከኢትዮጵያ በቀር የማይበቅለውና ፍሬው ዓሣ የሚያደነዝዘው ብርብራ፣ በግንዱ ላይ የሚንዠረገገው የዛፍ ሽበት፣ ሽበቱ ራሱ አልጌና እንጉዳይ በአንድ ጎጆ ተዳብለው የሚኖሩበት ነገር፣ ይህ ሁሉ ለምን እዚያ ተረፈ ቢሉ፣ አባቶች ብዝኃ ሕይወት የሚል ቃል ሰምተው አይደለም። ከቅጥሩ በር ላይ ምሳር ስለሚቀመጥ ነው። ሦስቱ መሣሪያዎች ከደጅ የሚቀሩበት አንድ ክብ መሬት አለ፤ በዚያ ክብ ውስጥ ዕፅ ለምንም ነገር ሳይሆን ዕፅ ሆኖ ይቆማል። ለገቢ ተብሎ ባሕር ዛፍ በቅጥሩ ውስጥ ሲተከል ሳይ የሚያመኝ ስለዚህ ነው፤ ባሕር ዛፍ ክፉ ዛፍ ሆኖ ሳይሆን፣ ምሳሩ ከዛፉ ጋር አብሮ ስለሚገባ ነው።

ባለፈው ጥቅምት የወንድሜ ልጅ፣ በዩኒቨርሲቲ ዕፀዋትን የሚያጠና ወጣት፣ «ጋሼ፣ ልጅነትዎን ያሳዩኝ» ብሎ ወደዚያች ደብር ይዞኝ ሄደ። ሁለት የእንጨት ፍርግርግ በጠፍር ያሰረበት ማድረቂያ ተሸክሞ፣ ቅጠሉን በአሮጌ ጋዜጣ መካከል እያስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ትንሽ ወረቀት ይጽፋል፤ ቦታ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ የሰብሳቢ ስም፣ የአካባቢ ስም። አንድ ቀጭን ሽማግሌ ቄስ በመቋሚያቸው ተደግፈው ሲያዩት ቆዩና «ልጄ፣ ይህን ለምን ታደርገዋለህ? መድኃኒት ነው?» አሉት።

«አይደለም አባ።»

«ለከብት ነው?»

«አይደለም።»

«እህ፣ ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ለማወቅ ነው አባ።»

ቄሱ አልሣቁም። መቋሚያቸውን ወደ ጫካው ውስጥ ዘርግተው፣ «እንግዲያማ ያንንም ውሰድ፣ ከዚያ በታች ዋጊኖስ አለ፤ ግን ቅርንጫፉን አትስበር፣ ቅጠሉን ብቻ» አሉት። በመካከሉ ይህን መፍቀድ ይገባቸው እንደ ሆነ ለራሳቸው ሲያጉተመትሙ ሰማኋቸው።

ከዚያ ወደ ወንዙ ወረድን። ድንጋዩ ያው ድንጋይ መሆኑን አልምልም፤ ክረምት ድንጋይ ያገላብጣል፤ አረንጓዴው ግን ያው ነበረ፣ እንክብሎቹም ያው። ልጁ ጫማውን አውልቆ ገባና በጥርስ ብሩሽ ከድንጋዩ ላይ ፋቅ ፋቅ አድርጎ በትንሽ ጠርሙስ አኖረ፤ ጥቂት አዮዲን ሲያንጠባጥብበት አረንጓዴው ወደ ቡናማ ተለወጠ። አንዲት ገንቦ ያዘለች ልጅ ከማዶ ዳር ቆማ፣ እርሱ ወደ ሰፊው ድንጋይ እግሩን ሲያነሣ አይታ ጮኸች።

«ጋሼ! ያዳልጣል!»

እኔን ይሁን እርሱን ጋሼ ያለችው አላወቅሁም። ልጁ ተመልሶ ከዳር ተቀመጠና በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፤ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ ስሙን። ከመጨረሻው መስመር ሲደርስ እርሳሱን ይዞ ቆመና ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ የአካባቢ ስሙ ማን ነው?»

«ልጅቱ ነገረችህ እኮ» አልሁት።

እርሱም ጻፈው።